ገርበብ ያለ አፍ

የልጆች ጥርስ ሐኪሟን በክሊኒኩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ዶክተር ለምን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት አብራት የምትሠራው ነርስ፣ ሁሉም በደፈናው ሲስተር የሚላት ሴት ናት ይባላል። ሲስተር ግን አልቀበልም፣ ስሙን ከእናቷ ቤት ይዛው ነው የመጣችው ባይ ናት። እናትየዋም ቢጠየቁ አይክዱም። ልጃቸው አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ጥያቄ ከአፏ ጠፍቶ አያውቅም። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የት ይሄዳል፣ የድመት ምላስ ለምን ይሻክራል፣ አያቷ ማታ ማታ ጥርሳቸውን አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ ለምን ያሳድራሉ። ለዚህ ሙያ የዳረጋት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

ተምራ ስትጨርስ አብረዋት የተመረቁት ሁሉ የአዋቂ ጥርስ ላይ ተሻሙ። አይፈረድባቸውም። አዋቂ ያመመውን ጥርስ በጣቱ ያሳያል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል፣ ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ቢፈራ እንኳ አፍሮ ዝም ይላል። ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የታችኛው መንጋጋው እያመመው ጆሮዬን ይላል። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ወንበሩን ሲያይ «ድኛለሁ» ብሎ እናቱን ወደ በሩ ይጎትታል። አፉ ትንሽ፣ ምላሱ ትልቅ፣ ምራቁ ብዙ፣ ትዕግሥቱ እንጥፍጣፊ። ሌላው ሐኪም የሚሸሸው ይህ ሁሉ እሷን ጭራሽ ይስባታል። ራሱ የማይናገር በሽተኛ ማለት፣ በእሷ አስተሳሰብ፣ መልሱ የተደበቀ ጥያቄ ነው።

ክፍሏ ከኮሪደሩ መጨረሻ ናት። መስኮቷ የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ከማሳየት ሌላ ፋይዳ የላትም። ወንበሩ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ ልጆች ይሰጥሙበታል፤ ሲስተር ከአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ቆርጣ ትራስ ሰፍታለታለች። ዕቃዎቹ ሁሉ የልጅ ስም አላቸው። ምራቅ የሚመጥጠው ቱቦ «ጥማተኛው» ነው፣ ከመሰርሰሪያው ጋር የሚረጨው ውሃ ደግሞ «ዝናብ»። ዶክተር ለምን ማንንም ልጅ አፍህን ክፈት ብላ አትጀምርም። መጀመሪያ ትንሿን ክብ መስታወት ለልጁ ትሰጠውና የራሷን አፍ ትከፍትለታለች። ልጁ ሐኪሟን ይመረምራል። ከኋላ ያለውን የተሞላ ጥርሷን ያገኘ ልጅ እንደ ትልቅ ግኝት ቆጥሮ ለእናቱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ተራው የእሷ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሠራል።

አንድ ቀን የማይሠራባት ልጅ መጣች።

ስድስት ዓመቷ ነው። የግራ ጉንጯ አብጦ፣ የአባቷን ጣት ይዛ ገባች። አባትየው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣ የቱታው ጉልበት እርጥብ ነው፣ የኋላ ኪሱ ውስጥ መፍቻ ተሸጉጧል። ልጅቷ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር ያለባት አትመስልም። መስታወቱን ከመቀበሏ የዶክተሯን ጥርስ አንድ በአንድ ቆጥራ፣ የተሞላውን አግኝታ፣ «ይሄ ለምን ግራጫ ሆነ?» አለች። ጉጠቱንም ካልያዝኩ ብላ ያዘች። ሲስተር በሆዷ፣ መጣች ደግሞ ሁለተኛዋ፣ አለች። ተቀምጣ ሳለችም አፏን ወለል አድርጋ ከፈተች። ከታች በግራ በኩል ያለው የወተት መንጋጋዋ ተቦርቡሮ አልቋል፣ ከሥሩ መግል ይዟል። ጥርሱን በመሰርሰሪያ ከፍቶ መግሉን ማስወጣት ያስፈልጋል።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተኛ፣ ዝናቡ ጀመረ። ያን ጊዜ ሌላ ልጅ ሆነች። አፏን ግጥም አደረገች፣ የዶክተሯን እጅ ገፋች፣ ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ከአባቷ እግር ሥር ገባች። አባበሏት፣ ተመልሳ ወጣች፣ እንደገና ሳቀች፣ እንደገና ወንበሩ ሲተኛ ያው ሆነ። ዶክተሯ መድኃኒት አዘዘችና ሌላ ቀን ቀጠረቻቸው። ከመሄዳቸው በፊትም አባትየውን ስለ ከረሜላ መከረችው። እሱ ቤታችን ከረሜላ አይገባም ብሎ ማለ። እሷም እሺ አለች፤ የማያምን ሰው እሺታ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ነገሩ ባሰ። ልጅቷ ተኝታ፣ አፏ ውሃ ሞልቶ፣ ሲስተር ምላሷን ገለል ለማድረግ ጣቷን ስታስገባ ነከሰቻት። ጓንቱ ባይኖር ይደማ ነበር። ሲስተር ጣቷን ቧንቧ ሥር ይዛ፣ እንዲህ ያለ ሞልቃቃ አይቼ አላውቅም አለች። አባትየው በሀፍረት የሚገባበት ጠፋው።

«ዶክተር፣» አለ፣ «እኔ እግሯን ልያዝ፣ ሲስተር እጇን ይያዙ። ይነቀልላትና ትገላገል።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሌሊት ሌሊት ልጁን አቅፎ ክፍል ለክፍል ሲዞር የሚያድረው እሱ ነው። ዶክተሯም ሐሳቡን ወዲያው አልጣለችውም። መግል የያዘ ጥርስ በመድኃኒት ይበርዳል እንጂ አይድንም፤ እብጠቱ ከመንጋጋ ሥር ወደ አንገት ከወረደ ጨዋታው ሌላ ነው። በሙሉ ማደንዘዣ አስተኝተው የሚነቅሉበት ትልቁ ሆስፒታል አለ፤ ወረፋው ግን ወራት ይፈጃል። ልጅ በአንሶላ ጠቅልሎ፣ ይዞ መንቀል ደግሞ ሲቸግር የሚደረግ ነው፣ እሷም ሲደረግ አይታለች። ስለዚህ አባትየውን ሳይሆን ወለሉን እያየች መለሰች።

«መድኃኒቷን ትጨርስ። በሳምንቱ ደግሞ እንሞክራለን። ያኔም እምቢ ካለች፣ እንይዛታለን።»

ልጅቷ ሰማች። ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው።

ሲወጡ ዶክተሯ እስከ ኮሪደሩ ሸኘቻቸው። አባትየው ሀፍረቱን ለማስተባበል ይመስላል፣ ልጁን ቤተሰቡ ሁሉ «ገርበብ» እንደሚላት አጫወታት። አፏ እንደ ደህና በር ገጥሞ አያውቅም። ስትጫወትም፣ ስትተኛም፣ ቴሌቪዥን ስታይም ገርበብ ነው። «አፍሽን ዝጊ» እየተባለች ነው ያደገችው። አክስቶቿ ይስቁባታል፣ አስተማሪዋ ትቆጣታለች፣ እሱም አልቀረም። እንግዲህ የዚህች ልጅ ዕጣ ይታያችሁ፤ ቤት ስትሆን ዝጊ፣ ክሊኒክ ስትመጣ ክፈቺ። ማን ደስ ይበለው ብላ ትኑር?

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው አባትየው ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ሰጣት። ልጅቷ በደህናው በኩል ትገምጣለች፣ ታላምጣለች፣ ቆም ትላለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ደግሞ ታላምጣለች። «ዘግተሽ ብዪ፣ ሰው ያይሻል» አላት። ዘጋች፤ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ከፈተችው። ዶክተሯ ይህን ሁሉ አየች። ጥርሷ እያመማት ነው ብላ አሰበችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ከነከናት። የፈራ ልጅ ጉጠት ልያዝ አይልም። የሞለቀቀ ልጅ ተመልሶ ወንበር ላይ አይወጣም። ይህች ልጅ ስትቀመጥ የምትከፍተውን አፍ ስትተኛ ለምን ትዘጋለች? መሰርሰሪያው አላስፈራትም፣ ጥፍሯ ላይ ሲያዞሩላት ስቃለች። መብራቱም አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? ይህን በታክሲ ውስጥ አሰበች፣ ልብሷን ስታጥብም አሰበች፣ ሲስተርንም እስኪሰለቻት ጠየቀቻት። ሲስተር የተነከሰውን ጣቷን እያሳየች፣ እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔ መልሴን አግኝቻለሁ አለቻት።

ከቀጠሮው ቀን በፊት፣ እራት ላይ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እናትየዋ ኃይለኛ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኗል። አንድ ማንኪያ ሾርባ ይጎርሱና ማንኪያውን ያስቀምጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይቆያሉ፣ ደግሞ ይጎርሳሉ። ልጃቸው መብላቷን ትታ ታያቸው ጀመር።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው ቆም ቆም የምትዪው?»

«ጀመረሽ ደግሞ። ልተንፍስ እንጂ፣ ልሙት እንዴ? አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። መብላቱም መተንፈሱም በአንድ በር ሆኖብኝ ነው።»

ዶክተር ለምን ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። እናቷ ሾርባው ይቀዘቅዝብሻል ቢሏት አልሰማችም።

በማግሥቱ ጠዋት በሽተኛ መግባት ሳይጀምር ክሊኒክ ደረሰች። ገና ጋዋኗን ሳትለብስ ጥጥ ጠቅልላ ሁለቱንም የአፍንጫዋን ቀዳዳ ደፈነች፣ የሶፋውን ትራስ አነሳች፣ ወንበሩ ላይ ተኛች። ሲስተር በሩን ከፍታ ስትገባ አለቃዋ አፍንጫዋ ላይ ጥጥ እንደ ጥርስ አብቅላ ጣራ ጣራውን ታያለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ዝናቡን ልቀቂብኝ። ጣትሽንም እንደዚያ ቀን አስገቢ። እጄን ባነሳ እንዳትሰሚኝ፣ ቀጥዪ» አለች፤ በታፈነ አፍንጫ ስለሆነ ሲስተር ለመረዳት ሁለቴ አስደገመቻት።

ሲስተር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይዘንብልኝ ብላ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል አላንገራገረችም። ውሃው መጣ። ዶክተሯ መጀመሪያ ተረጋግታ ነበር፤ ትልቅ ሰው ናት፣ ውሃው ውሃ ብቻ መሆኑን ታውቃለች፣ የሚረጨውም በየቀኑ ሻይ አብራት የምትጠጣ ጓደኛዋ ናት። ውሃው ጉሮሮዋ ደጃፍ ላይ ተጠራቀመ። ልትተነፍስ ፈለገች፣ በአፍንጫዋ ሞከረች፣ ጥጡ። በአፏ ልትስብ ሞከረች፣ ውሃው። የሲስተር ጣት ምላሷን ይዞታል። እጇን አነሳች፤ ሲስተር እንደታዘዘችው አልሰማችም። ከዚያ በኋላ ማሰብ የሚባል ነገር ከራሷ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። ነከሰቻት። ያንኑ ጣት።

ሲስተር ጣቷን ብብቷ ውስጥ ከትታ ዞረች፣ ተመልሳ ዞረች።

«አሁን አንቺንስ በአንሶላ ጠቅልለን እንያዝሽ?» አለች።

ለቀልድ ነበር ያለችው። ዶክተሯ ግን ተነስታ ቁጭ ብላ፣ ጥጡን ነቅላ፣ አገጯ ላይ ውሃ እየፈሰሰ አልሳቀችም። ፈርታለች። ያቺ ልጅ ተጠቅልላ፣ እጇንም እግሯንም ተይዛ፣ አፏ በውሃ፣ በደምና በሰው ጣት ተሞልቶ ታየቻት። ሦስት አዋቂዎች፣ ሁሉም የሚወዷት ወይም የሚያዝኑላት፣ ትንፋሿን ይዘው «ዝም በይ፣ አሁን ያልቃል» ሲሏት። ይህን እሺ ያለችው እሷ ራሷ ነበረች። ሲስተርም ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት፤ ጣቷን ከብብቷ አወጣችና ማሸቱን ተወች።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ልጅቷ ባለፈው ሳምንት የተባለውን አልረሳችም፤ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨብጣ ሙጭጭ አለች። አባትየው እጅጌውን ጠቅልሎ ነው የገባው። ዶክተሯ እንዲያወርደው ነገረችውና ከአነስተኛው በርጩማ ላይ፣ ከልጅቷ ትይዩ ተቀመጠች። ትንሿን መስታወት ለአባትየው ሰጠችው።

በዚህ ሙያ መስታወት ላይ የሚያርፍ ጉም ጠላት ነው። የበሽተኛው ትንፋሽ ቀዝቃዛውን መስታወት እየጋረደ ሐኪምን ሲያማርር ይውላል። ዶክተሯ አሁን ያንኑ ጠላት ፈለገችው። አባትየው አፉን ዘግቶ መስታወቱን ከአፍንጫው ሥር ሲይዝ ሁለት ትንንሽ የጉም ክቦች አረፉበት። እሷም ያዘች፣ ሁለት ክብ። ሲስተርም ያዘች፤ ልጅቷ ይህን ስታይ መቃኑን ለቀቀች። ጨዋታ ሲኖር ከዳር መቆም አትችልም።

«አፍሽን ዝጊና በአፍንጫሽ ተንፍሺበት፣ እናቴ። ሲያቅትሽ ክፈቺ፣ ማንም አይቆጣሽም።»

አባትየው መስታወቱን ያዘላት። ልጅቷ አፏን ዘጋች። መስታወቱ ጥርት እንዳለ ቀረ፤ አባትየው ጉም የሚፈልግበት ቦታ የራሱን ዓይን አየ። በቱታው ጠርጎ እንደገና ያዘው። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሳበ፣ አፏ ተከፈተና አየር በድምፅ ገባ። መስታወቱ ላይ ምንም የለም።

«ተዘግቷል» አለ አባትየው፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያም እንደ ሙያው የት ላይ ነው የተዘጋው ብሎ ጠየቀ።

ዶክተሯ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ በላይ አንዳንድ ልጆች ላይ የሚያድግ ሥጋ እንዳለ፣ እሱ ይሆናል ብላ እንደምትጠረጥር፣ እርግጠኛውን ግን የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም አይቶ እንደሚነግራቸው አስረዳችው። ሁልጊዜ የተከፈተ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ያጣ ጥርስም ቶሎ ይበላሻል። ከረሜላ አይገባም ሲላት ስላላመነችው ይቅርታ ጠየቀችው። ይህኛውን የሰማ አይመስልም። መስታወቱን ያገላብጣል።

«የሰው ቤት ቱቦ ስከፍት ነው የምውለው» አለ። «እሷን ግን ዝጊ ስላት ኖርኩ።»

ሲስተር ጀርባዋን ሰጥታ ጥጥ ስታስተካክል ቆየች፤ የሚስተካከል ጥጥ አልነበረም።

ዶክተሯ ወንበሩን እንደ ተማሪ ወንበር ቀጥ አደረገችው። ዛሬ ዝናብም መሰርሰሪያም የለም። ጥርሱ ከመዳን ያለፈ ስለሆነ መነቀል አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መተኛት ግድ አይደለም፣ በተቀመጠ ልጅ ላይ መጎንበስ የሐኪሙን ወገብ ያሳምማል እንጂ። ጥማተኛውን ለልጅቷ ራሷ አስያዘቻት፤ ምራቅ ሲበዛባት ራሷ ትመጥጣለች። እጇን ካነሳች ደግሞ የዶክተሯ እጅ ወዲያው ይወጣል፤ ስምምነታቸው ይህ ነው።

ልጅቷ ስምምነቱን ፈተነችው። መስታወቱ ገና ሲገባ እጇን አነሳች፤ ወጣ። እንደገና ሲገባ አነሳች፤ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ አነሳችና ሲወጣ በተራዋ ፈገግ አለች። ማደንዘዣው ተሰጠ። መግል ባለበት ድድ ላይ ማደንዘዣ ዳተኛ ነው፣ ጠበቁት። ጥቂት ቆይታ በጣቷ እየዳበሰች ከንፈሬ የት ሄደ አለች። ማታ ይመለሳል፣ እስከዚያ እንዳትነክሺው ተባለች።

ጉጠቱ ገባ። ጥርሱ መነቃነቅ ጀመረ፣ ግማሽ መንገድ ሄደ። ያን ጊዜ የልጅቷ እጅ ተነሳ።

ይህን የሚያውቅ የሙያው ሰው ብቻ ነው። አንዴ ጠምዘዝ ቢያደርጉት ያልቃል። እጁን ያነሳ ልጅም ቢሆን፣ ካለቀ በኋላ «አየህ፣ አለቀኮ» ይባላል፣ ይረሳል። ሲስተር ትንፋሿን ዋጠች። አባትየው እጁ ወደ ልጁ እግር ሄዶ ሳይነካት ተመለሰ። ዶክተሯ ጉጠቱን ለቅቃ እጇን አወጣች።

ልጅቷ ተነፈሰች። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ደግሞ ወደ ውስጥ። ጥማተኛውን አስገብታ ምራቋን መጠጠች። ማንም አላጣደፋትም፣ ማንም ጎበዝ አላላትም። ከዚያ ራሷ አፏን እስከ መጨረሻው ከፈተችና በጣቷ ወደ ጥርሱ አመለከተች። ቀሪው በዓይን እንኳ ሳይታይ አለቀ፤ ጥርሱ ወጣ።

ጥርሱን መዳፏ ላይ አድርገው ሰጧት። ገልብጣ አየችው፣ በጎድጓዳው በኩል አንድ ዓይኗን አስጠግታ አጮለቀች።

«ለምን ውስጡ ባዶ ሆነ?»

ሲስተር ወደ ዶክተሯ ዞር ብላ፣ በይ መልሽላት፣ ምትክሽ መጥታለች አለቻት። ዶክተሯም ጉልበቷን አጥፋ፣ ሌላ በሽተኛ በር ላይ እየጠበቀ፣ ረዥሙን መልስ መለሰችላት።

ሲወጡ ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። ልጅቷ ጥጥ ነክሳለች፣ የደነዘዘው ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ወርዶ አፏ ከወትሮው የባሰ ገርበብ ብሏል፣ በአገጯ ላይ ደም የነካው ምራቅ ይወርዳል። አባትየው በመሀረብ ይጠርግላታል። አግዳሚው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ አንዲት ባልቴት አዩዋትና በደግ አንደበት፣ የኔ ልጅ፣ ሴት ልጅ አፏን ትዘጋለች አሏት።

ልጅቷ እንደለመደችው ከንፈሯን ሰብሰብ ማድረግ ጀመረች። አባትየው ጣቱን አገጯ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መልሶ ከፈተው።

«ይተዉአት፣ እማማ» አለ። «እየተነፈሰች ነው።»